ይቅርታ የማን ናት?

ሙዚቃ የተጣሉትን ታስታርቃለች እየተባለ ይነገራል። ዳሩ ግን ይቅር የማለት ሥልጣን የተሰጠው ለማን ነው?

ዝነኛው የቫዮሊን ሊቅ ይሁዲ ሜኑሂን የአይሁድ ወገን ነበረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም. ቤንጃሚን ብሪትን ፒያኖ እየመታለት፥ ከቤርገን ቤልሰን የግዞት ሰፈር በሕይወት ለተረፉት ተጫወተ። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ በርሊን ገብቶ፥ በዊልሄልም ፉርትቬንግለር መሪነት የቤቶቨንን የቫዮሊን ኮንቼርቶ አሰማ። ፉርትቬንግለር በናዚዎች ዘመን ከአገሩ ሳይወጣ ሙዚቃ ሲመራ የኖረ ሰው ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ተመርምሮ ነጻ ቢባልም ስሙ ከሐሜት አልጠራም ነበር።

በዚያው ሰሞን ሜኑሂን በከተማው ለነበሩት የአይሁድ ስደተኞች ሊጫወት ቢቀርብ፥ አብዛኛው ወንበር ባዶ ሆኖ ቆየው። እርሱም ወደ ሰፈራቸው ሄዶ አሳቡን አስረዳቸው።

ከሁለቱ ወገን ማን አጠፋ? ሜኑሂን ጥላቻ ለልጅ ልጅ እንዳይወረስ ብሎ እጁን ዘረጋ፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ተብሏል። ሰው በራሱ ላይ የተሠራውን በደል ይቅር ሊል ይችላል፤ በባልንጀራው ላይ ስለ ተሠራው ግን ባልንጀራው ይጠየቃል። ስለ ሞቱትስ ማን ይመልሳል?

ስለዚህ በወንበሩ ያልተቀመጠው ሰው ሊነቀፍ አይገባውም። ሜኑሂንም ከጭብጨባው ይልቅ ሊመሰገን የሚገባው፥ ወደ ቀሩት ሰዎች ስለ ሄደ ነው።