ሽንኩርት የማይቆርጥ ቢላ

ልጄ፣ ትናንት ሌሊት «በአንድ ጌም ተበላሁ!» ብለህ ስትጮህ ሰምቼሃለሁ። እናትህ የሌሊት ሥራ ላይ ነበረች፤ እኔ ግን ከእንቅልፍ ጋር ከተጣላሁ ቆይቻለሁ። ጠዋት ስጠይቅህ «ምንም አይደለም ጋሼ፣ ጨዋታ ነው» አልከኝ። ጨዋታ ከሆነማ ቁርስህን ለምን ተውከው?

«ምከረው ምከረው» የሚለውን ተረት አልተርትብህም። እኔም በአንተ ዕድሜ ስሰማው ይሰለቸኝ ነበር። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከራሴ ልጀምር።

ደሴ ቴሌ ስሠራ የደረሰኝን የዕቁብ ገንዘብ በሁለት ሌሊት ኮንከር ጨረስኩት። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ለማድ ቤቱ ቆርቆሮ ልትገዛበት አስባ ነበር። ያን ክረምት በአንድ እጇ ጃንጥላ ይዛ በሌላው እንጀራ ጋገረች። አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ታዲያ ልብ በል፤ ካርታ ስለማላውቅ አይደለም የተበላሁት። እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከነበሩት ሁሉ የምበልጠው እኔ ነበርኩ፤ ያስበላኝም እሱ ነው። የማያውቅ ሰው ሁለት ጊዜ ተበልቶ ይነሣል። «አሁን ገባኝ» እያለ እስኪነጋ የሚቀመጠው አዋቂው ነው።

አንተም የምትወራረድበትን የኮምፒውተር ጨዋታ፣ ካውንተር ስትራይክን፣ ታውቀዋለህ። የትኛው ቡድን በየትኛው ማፕ እንደሚበረታ ስትተነትን አፌን ከፍቼ ነው የምሰማህ። ውርርድ ቤቱ ግን ዕውቀትህን አይፈራውም። ሁለት እኩል የሆኑ ቡድኖች ሲገጥሙ ለሁለቱም 1.85 ኦድ ይሰጥሃል እንበል። በሁለቱም ላይ መቶ መቶ ዶላር ብታስይዝ፣ ማንም አሸነፈ ማን፣ 200 ሰጥተህ 185 ትቀበላለህ። አሥራ አምስቷ የቤቱ ናት። አምስት እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች በአንድ ትኬት ስትደረድር ደግሞ መቶ ዶላርህ ወደ 2,167 ያድግልሃል ይሉሃል፤ ዓይንህ ይበራል። ዕድልህ ግን ከ32 አንድ ስለሆነ የሚገባህ 3,200 ነበር። ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው።

ያቺ «በአንድ ጌም» የምትላት ነገርም የዕድል ጉዳይ እንዳትመስልህ። ከነዚያ 32 መንገዶች አምስቱ አራቱን አግኝተህ አንዷን የምትስትባቸው ናቸው። አምስቱንም የምታገኝበት አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዴ እስክታሸንፍ ድረስ አምስት ጊዜ ያህል «ለጥቂት!» ትላለህ፤ ያቺ «ለጥቂት» ናት ነገም የምታስመጣህ። ምናልባት በእውነት ከእነሱ በልጠህ መብላት ከጀመርክ ደግሞ ብዙዎቹ ቤቶች የምታስይዘውን መጠን ይቆርጡብሃል። ሞኝ ሲሆን በር ከፍተው፣ ሊቅ ሲሆን በር ዘግተው።

ጨዋታው እየተካሄደ ማስያዝህ ግን ከሁሉ ይብስብኛል፤ ይኼን የምናገረው በሙያዬ ነው። የስልክ ኦፕሬተር ሳለሁ የአዲስ አበባን ወሬ ከደሴ ሰው ሁሉ ቀድሜ የምሰማ እኔ ነበርኩ። መርዶ እንኳ ከቤተሰቡ በፊት የሚደርሰው ለእኔ ነበር። ያንን ይዤ ከከተማው ሰው ጋር ብወራረድ ሌባ እባል ነበር። አንተ በስልክህ የምታየው ጨዋታ ያለፈ ነው። ተጫዋቾቹ ከተመልካች ጥቆማ እንዳያገኙ በትልልቅ ውድድሮች ሥርጭቱን ሆን ብለው ያዘገዩታል። ቤቶቹ በበኩላቸው መረጃውን ከጨዋታው ሰርቨር በቀጥታ ገዝተው ይወስዳሉ። አንተ «አሁን ነው!» ስትል እነሱ አውቀው ኦዱን ቀይረውታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። (ዛሬ ጅብ አበዛሁ፤ ነገሩ ስለሚጠራው ነው።)

እነዚያ በቴሌግራም «የዛሬ አስተማማኝ ጌም» የሚሉህ ወንድሞችስ? ብዙዎቹ ባመጡት ሰው ልክ፣ አንዳንዴም ያ ሰው ከተበላው ላይ፣ ከቤቱ ድርሻ ይቆረጥላቸዋል። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ አልፈርድባቸውም። እነሱን ማመን ግን ያንተ ስንፍና ነው።

ደግሞም ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ነሐሴ 2014 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ አይባይፓወር የሚባል የአሜሪካ የካውንተር ስትራይክ ቡድን ከእሱ በጣም በሚያንስ ቡድን 16 ለ 4 ተሸነፈ። የተበላ ዕቁብ ነበር። ተጫዋቾቹ በሌላ ሰው ስም በራሳቸው ሽንፈት ላይ አስይዘው ስኪን፣ ያን የጨዋታ ውስጥ የመሣሪያ ጌጥ፣ ተከፋፈሉ፤ በቀጣዩ ዓመት መባቻ በጉዳዩ የነበሩ ሰባት ሰዎች ታገዱ። ኮሪያ ውስጥ ላይፍ የሚሉት ልጅ በስታርክራፍት ጨዋታ ገና በ15 ዓመቱ የአገሩን ትልቅ ውድድር አሸንፎ ነበር። በ18 ዓመቱ ሁለት ጨዋታ ለመልቀቅ 70 ሚሊዮን ዎን ተቀበለ፤ ፍርድ ቤት የታገደ እስራትና ያንኑ ያህል ቅጣት ፈረደበት። እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሶሎ የሚባለው የሩሲያው የዶታ ተጫዋች ነው። በ2013 በገዛ ቡድኑ ሽንፈት ላይ መቶ ዶላር አስያዘ፤ ኦዱ 3.22 ነበርና 322 ዶላር አገኘ። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ቡድን በአምበልነት መርቷል። ይሁንና እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ አንድ ተጫዋች ሲሳሳት ተመልካቹ የሚጽፈው ያንኑ «322» ነው። ስም በስንት ይሸጣል ቢሉህ፣ አንዱ ልክ ይኸው።

ሁሉም ሌባ ነው አልልህም፤ አብዛኞቹ ለፍተው የሚያድሩ ልጆች ናቸው። ግን ደመወዙ አነስተኛ፣ ተመልካቹም ጥቂት በሆነበት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት በሚደረግ ጨዋታ ላይ፣ ማዶ ያለው ልጅ ምን እንደያዘ አንተ በምን ታውቃለህ?

ባለፈው አንድ ቢላ አሳየኸኝ። ዋጋው 600 ዶላር ነው አልከኝ። ሽንኩርት የማይቆርጥ፣ ስክሪን ውስጥ ብቻ የሚያብለጨልጭ ቢላ። ሳቅሁ፤ አንተም ሳቅህ። እናትህ ግን በዚያ ሰሞን ለመኪናዋ ጎማ ስትቆጥብ ነበር። አሁን ቢላው የት አለ? ባለቤቱ እንኳ በማይታወቅ ድረ ገጽ ላይ አስይዘህ በላህ፤ «ላስመልስ» ብለህ ደገምክ፤ ተበላህ። ሳይበላስ ቢቀር? የጨዋታው ባለቤት ቫልቭ በጥቅምት 2025 ቢላ የሚገኝበትን ደንብ ትንሽ ቢነካካው የብዙ ቢላዎች ዋጋ በአንድ ጀምበር ወረደ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው፤ ያውም ላሚቱ የሰው።

የአክስትህን ልጅ 300 ዶላር መበደርህንም ሰምቻለሁ። እሱ አልነገረኝም፤ ፊቱ ነገረኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ያን ዕዳ እኔ ከፍዬዋለሁ፤ ለእናትህ አልነገርኩም፤ ሁለተኛ ግን አልከፍልም። አንተም የምታደርገው አለ። እዚህ ሜሪላንድ ራስህን ማስከልከል ይቻላል፤ ስምህን ታስመዘግባለህ፣ ፈቃድ ያላቸው ቤቶች አይቀበሉህም። ፈቃድ የሌላቸውን አይነካም፤ እነሱ ጋ እንዳትሄድ የባንክ ካርድህን ለእናትህ ስጣት። ምክንያቱን ራስህ ንገራት። ትቆጣለች። የእኔዋ እንዳደረገችው ዝም ካለች ግን ያኔ ፍራ።

ቅዳሜ የፍጻሜ ጨዋታ አለ ብለኸኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት ጓደኞችህ አንዱን ይዘህ ና፤ ቡና አፈላለሁ፣ ቆሎ አለ። ትኬት አትያዝ። እኔ እንኳ ያ ጭስ ቦምብ ማንንም ሳይመታ ለምን እንደሚወረወር እስካሁን አልገባኝም፤ ቀስ ብለህ ታስረዳኛለህ።