የማይታየው ወንበር

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ለዛሬው ጁምዓ አንድ ጥያቄ አለችኝ፤ ማንም የማያየውን ነገር አሳምሮ መሥራት ጊዜ ማባከን ነው?

እንግሊዝ አገር በልጅነታቸው የፕላስቲክ አውሮፕላን ይገጣጥሙ የነበሩ ብዙ ሰዎች ሲሸመግሉ ወደዚያው ይመለሳሉ። ኤርፊክስ የሚባለው አምራች የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላንን 72 ጊዜ አሳንሶ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። 9 ሜትር የሚያህለው አውሮፕላን መዳፍ ላይ ያርፋል።

ልጅ ሳሉ ከሰዓት ጀምረው ማታ ጨርሰው ጣራ ላይ በክር ያንጠለጥሉታል። ማጣበቂያው መስኮቱን ቢያደበዝዘው ደንታም አልነበራቸው። አሁን ዓይን ደክሟል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። በአጉሊ መነጽር እያዩ የአብራሪውን ወንበር፣ ቀበቶውን፣ ከፊቱ ያሉትን ጥቃቅን ሰዓቶች በቀጭን ብሩሽ ሲቀቡ ቀናት ያልፋሉ። ከዚያ የአውሮፕላኑ ግራና ቀኝ ጎን ይጣበቃል፤ አብዛኛው ልፋት ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል።

በነገራችን ላይ፣ በቀሪ ዕድሜያቸው ሠርተው የማይጨርሱትን ካርቶን ገዝተው የሚከምሩም አሉ። እሱን ብክነት ብትሉት አልከራከርም።

ወንበሩን ግን ብክነት ለማለት አፌ አይደፍርም። አንዳንዶቹ ከመዝጋታቸው በፊት ፎቶ ያነሱታል። ይቺን እኛም እናውቃታለን፤ ሰደቃውን ከመስጠታችን ስልኩን ማውጣታችን ይቀድማል። ሌሎቹ ዝም ብለው ያጣብቁታል። ከዚያ በኋላ ወንበሩ መቀባቱን የሚያውቁት አላህና የቀባው ሰው ብቻ ናቸው።

እናንተ ብትሆኑ ትቀቡት ነበር?