ተስቦ ወይስ ምርጫ?

«ቲፎዞ» የሚለውን ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሰፈር ጨዋታም ሆነ በትምህርት ቤት ውድድር ስንጠቀምበት ስለኖርን የራሳችን ይመስለናል። ቃሉ ግን የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። በዚያ ቋንቋ «ቲፎ» ማለት የደጋፊነት ስሜት ማለት ሲሆን፣ ያው ቃል የተስቦ በሽታም መጠሪያ ነው። ስለዚህ ጣሊያኖች ክለቡን አጥብቆ የሚወድን ሰው «ቲፎዞ» ሲሉ፣ ተስቦ እንደያዘው ሰው ትኩሳት ላይ ነው ማለታቸው ነው።

ስያሜው ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ተስቦ የያዘው ሰው ትኩሳቱ በርትቶበት ቢቃዥ ማንም አይፈርድበትም። በሽታው ከሌላ ሰው ተላልፎበታል፤ እርሱም ሳያውቀው ለሌላው ያስተላልፋል። ታዲያ በስታዲየም ውስጥ በሺህ ከሚቆጠር ሕዝብ ጋር ሆኖ ክፉ ቃል የጮኸ ሰውስ? እርሱንም «ትኩሳቱ ነው» ብለን እንለፈው? ወይስ ከብዙዎች አንዱ ብቻ ቢሆንም ለድምፁ ተጠያቂ ነው? ቃሉ በተወለደበት አገር ከሆነው ነገር ተነስተን ጥያቄውን አብረን እንመርምረው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከጎሉ ጀርባ

በጣሊያን ስታዲየሞች ከጎሉ ጀርባ ያለው ቦታ «ኩርቫ» ይባላል። ጨዋታውን አጥርቶ ለማየት የሚመች ቦታ አይደለም፤ በዚያው ልክ ትኬቱ ከሌላው ይረክሳል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ወጣቶች በዚያ መሰባሰብ ጀመሩ። በ1968 የኤሲ ሚላን ደጋፊዎች «የአንበሶች ጉድጓድ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ይዘው ተደራጁ፤ በሚቀጥለው ዓመት የኢንተር ደጋፊዎችም የራሳቸውን ቡድን መሠረቱ። እንዲህ ያሉ ቡድኖች «ኡልትራ» ይባላሉ።

ስለ እነርሱ ክፉውን ብቻ መናገር እውነትን መሸሽ ነው። አንድን ኩርቫ ሙሉ የሚሸፍን ጨርቅ ለመሳል ወጣቶቹ ብዙ ሌሊት ይሠራሉ። ከገንዘባቸው ያዋጣሉ፣ ክለባቸው ሲሸነፍም ሆነ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ሲወርድ ትተውት አይሄዱም። ከፊት የሚቆመውና ዝማሬውን የሚመራው ሰው ደግሞ ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ነው የሚያመሸው። በትኬት የገባው ይህ ሰው ጨዋታውን አያየውም ማለት ይቻላል። እርሱ የመጣው ሕዝቡን አንድ ለማድረግ ነው።

በኅብረት የዘመራችሁ ሁሉ ይህን ስሜት ታውቁታላችሁ። ብቻችሁን ብትሆኑ የሚንቀጠቀጠው ድምፃችሁ ከሌሎች ጋር ሲቀላቀል ይጠነክራል። ራሳችሁን ትረሳላችሁ፤ ከራሳችሁ የሚበልጥ ነገር አካል ትሆናላችሁ። ሥራ አጥ የሆነው፣ ቤቱ ጭር ያለበት፣ ማንም ስሙን የማይጠራው ወጣት በኩርቫው ውስጥ ቦታ ያገኛል። የሰው ልጅ ለአብሮነት ተፈጥሯልና ይህ ጥማት ኃጢአት አይደለም። ጥያቄው ከጥማቱ በኋላ የሚመጣው ነው።

በግድግዳ ላይ የተጻፈው ስም

ጥቅምት 28 ቀን 1979 በሮም ኦሊምፒክ ስታዲየም ሮማና ላዚዮ ሊጫወቱ ነበር። የ33 ዓመቱ የላዚዮ ደጋፊ ቪንቼንዞ ፓፓሬሊ ከባለቤቱ ጋር በሰሜኑ ኩርቫ ነበረ። ጨዋታው ገና ሳይጀመር ከደቡቡ ኩርቫ የተተኮሰ ሮኬት ሜዳውን በሙሉ አቋርጦ ፊቱን መታው፤ ሞተም። የተኮሰው የ18 ዓመት ወጣት ነበር። ፓፓሬሊን አያውቀውም። ከወዲያ ማዶ ያየው ሰው ሳይሆን ቀለም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይብስ እንደሆነ እጠይቃችኋለሁ። በሮም ግድግዳዎች ላይ በሟቹ ስም የሚሳለቁ ጽሑፎች ለዓመታት ይጻፉ ነበር። አባቱ ሲሞት ሕፃን የነበረው ልጁ፣ እናቱ እንዳታያቸው እየዞረ ያጠፋቸው እንደነበር ተናግሯል። ሮኬቱን የተኮሰው አንድ ሰው ነው፤ ስሙም ይታወቃል። ጽሑፎቹን የጻፈው ግን ማን ነው? «ደጋፊው» ነው። «ደጋፊው» ደግሞ ፊት የለውም፣ ቤት የለውም፣ ይቅርታ የሚጠይቅበት አፍም የለው።

በ1995 በጄኖቫ ከተማ አንድ ወጣት የጄኖዋ ደጋፊ ከሚላን ጋር ከሚደረግ ጨዋታ በፊት በስለት ተወግቶ ሞተ። በየካቲት 2007 በካታኒያና በፓሌርሞ ጨዋታ ላይ በተነሣ ሁከት የፖሊስ መኮንን ፊሊፖ ራቺቲ ሕይወቱ አለፈ፤ የአገሪቱ ጨዋታዎች ሁሉ ለጊዜው ቆሙ። በ2014 ደግሞ ለዋንጫ ፍጻሜ ወደ ሮም የሄደ የናፖሊ ደጋፊ በጥይት ተመትቶ ከሳምንታት በኋላ አረፈ።

ሰው ልጁን ይዞ ወደ እንዲህ ያለ ቦታ መሄድን ቢፈራ አይገርምም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሴሪ አ አንድ ጨዋታ በአማካይ ከ30 ሺህ በላይ ተመልካች ነበረው። በ2006-07 ግን ቁጥሩ ከ20 ሺህ በታች ወረደ። የፍርሃት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የቴሌቪዥኑ ስርጭት፣ በማዘጋጃ ቤቶች እጅ ያረጁት ስታዲየሞች፣ ተመልካቹን ከሜዳው የሚያርቀው የመሮጫ መም፣ በ2006 የተጋለጠው የዳኞች ምደባ ቅሌትም ድርሻ ነበራቸው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሕዝቡ ተመልሷል፤ በ2023-24 አማካዩ እንደገና ወደ 30 ሺህ ደርሷል። ወንበሩ ሞልቷል። ጥያቄው ግን አልተመለሰም።

ሁለቱ ምክንያቶች

በሕዝብ መካከል ሆኖ ክፉ ያደረገ ሰው ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ይላል። የመጀመሪያው «ስሜቱ ወሰደኝ» የሚል ነው። ይህ የተስቦው ምክንያት ነው። አንዳንዴ በእርግጥ ስሜት ይወስዳል። ነገር ግን ሮኬት በድንገት ኪስ ውስጥ አይገኝም፤ አስቀድሞ ተገዝቶ፣ ተደብቆ፣ በበር አልፎ መግባት አለበት። የስድብ ዝማሬም በልምምድ ይጠናል። ግድግዳ ላይ የሚጽፍ ሰው ቀለም ይዞ፣ ሰዓት መርጦ ነው የሚወጣው። ትኩሳት ቀለም አይገዛም።

ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ብልህ ነው፦ «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ለወጠ? ብጮህም ባልጮህም ዝማሬው ይሰማ ነበር።» እውነት ይመስላል። እስኪ እንፈትሸው።

ታኅሣሥ 26 ቀን 2018 በሳን ሲሮ ስታዲየም ኢንተርና ናፖሊ ሲጫወቱ፣ ሴኔጋላዊው ካሊዱ ኩሊባሊ በቆዳው ቀለም ምክንያት የዝንጀሮ ድምፅ ይሰማበት ነበር። የናፖሊ ሰዎች ጨዋታው እንዲቆም ደጋግመው ጠየቁ፤ አልቆመም። በመጨረሻ ኩሊባሊ ራሱ በቀይ ካርድ ወጣ። አሁን ከጮኹት እያንዳንዱ «የእኔ ድምፅ ምንም ነው» ቢል፣ የሁሉም ድምር ምንም ይሆናል። ኩሊባሊ ግን ሰምቷል። የሰማው ከየት መጣ? «ምንም ነኝ» ከሚሉት አፎች ብቻ ነው፤ ሌላ ምንጭ የለውም።

ደግሞ ሌላ ነገር አስተውሉ። ክለቡ ሲያሸንፍ ያው ደጋፊ «አሸነፉ» አይልም፤ «አሸነፍን» ይላል። ኳስ አልነካም፣ አልሮጠም፣ ግን የድሉ ተካፋይ ነው። ድምፁ ተጫዋቾቹን እንዳበረታ ያምናል። እንግዲያውስ «አሸነፍን» የሚል ሰው «ሰደብን» ማለትንም መቻል አለበት። በክብሩ ጊዜ ከብዙዎች ጋር ቆጥሩኝ፣ በውርደቱ ጊዜ ግን ለብቻዬ ተዉኝ ማለት ሚዛን ማዛባት ነው።

ቅጣቱ ለማን ነው?

እዚህ ላይ ከእናንተ አንዱ እንዲህ ብሎ ሊሞግተኝ ይችላል፦ «ሁሉም ተካፋይ ከሆነ ሁሉም ይቀጣ ማለት ነው?» የጣሊያን እግር ኳስ ይህን ሞክሯል። ዘረኛ ጩኸት ሲሰማ ኩርቫው ወይም ስታዲየሙ በሙሉ ለተወሰነ ጨዋታ ይዘጋል። ከኩሊባሊ በኋላ ኢንተር ሁለት ጨዋታ ያለ ተመልካች እንዲያደርግ ተፈርዶበታል። በዚህ ቅጣት አፉን ያልከፈተው ሽማግሌም ከሰዳቢው ጋር ይቀጣል። ፍትሕ ይህን ሲያይ መጨነቅ አለበት።

ደግሞም ልብን አይለውጥም። በ2017 የላዚዮ ሰሜናዊ ኩርቫ በዘረኛ ጩኸት ምክንያት ተዘጋ፤ ደጋፊዎቹ ወደ ደቡቡ ኩርቫ ተዛውረው ገቡ። በዚያም በናዚዎች ካምፕ የሞተችውን አይሁዳዊት ልጅ፣ አን ፍራንክን፣ የሮማ ማሊያ አልብሰው ለስድብ የሠሩትን ምስል ለጥፈው ሄዱ። ቦታው ተቀየረ እንጂ ሰዎቹ ያው ነበሩ።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን እንለይ። በደል የሠራው ሰው ነው፤ ቅጣቱም እርሱን ፈልጎ ማግኘት አለበት። ይህም ይቻላል፤ ከ1989 ጀምሮ ሕጉ አንድን ሰው ለይቶ ከስታዲየም ለማገድ ይፈቅዳል። በጥር 2024 በኡዲኔ ከተማ የሚላኑ በረኛ ማይክ ሜኛን ስድቡን ሰምቶ ከሜዳ ሲወጣና ጨዋታው ለደቂቃዎች ሲቋረጥ፣ የኡዲኔዜ ክለብ በኋላ ሰዳቢዎቹን ለይቶ ለዘለቄታው አግዷል። በደል ፊት አለው። ኃላፊነት ግን ከዚያ ይሰፋል። ሜኛን ራሱ በማግሥቱ ጣቱን በሰዳቢዎቹ ላይ ብቻ አልቀሰረም፤ በአጠገባቸው ተቀምጠው እየሰሙ ዝም ያሉትም ተባባሪ ናቸው ብሏል።

ይህን ቃል ስሰማ እኔም እሸማቀቃለሁ፤ ዝም ያልኩባቸው ጊዜያት ትዝ ይሉኛል። ነገር ግን ዝምታ ሁሉ አንድ አይደለም። በጥቅምት 2022 በሚላን የኢንተር ኡልትራዎች የቀድሞ መሪ በጥይት ተገደለ። በዚያ ምሽት ኡልትራዎቹ ለሐዘን ብለው ጨዋታው እየተካሄደ ኩርቫውን ባዶ አስደረጉት። መውጣት ያልፈለጉትን፣ ልጆች ይዘው የመጡትን ወላጆች ጭምር፣ በግድ አስወጧቸው። ልጁን እጁን ይዞ በዚያ የወጣውን አባት «ለምን አልተቃወምክም?» ልለው አልደፍርም። እርሱ ዱላን ፈርቷል። እኛ አብዛኞቻችን ግን የምንፈራው ዱላን ሳይሆን መሳቂያ መሆንን ነው። ሁለቱ ፍርሃቶች አንድ ዋጋ የላቸውም።

ሕፃናቱ

አንድ ታሪክ ጨምሬ ላብቃ። በታኅሣሥ 2013 የጁቬንቱስ ኩርቫ በደጋፊዎች ስድብ ምክንያት ተዘግቶ ነበር። ክለቡ መልካም ሐሳብ አመጣ፦ ባዶ ከሚሆን ሕፃናት ይግቡበት ተባለ። ከኡዲኔዜ ጋር በተደረገው ጨዋታ 12 ሺህ ያህል ልጆች ገቡ። ስታዲየሙ በሕፃናት ድምፅ ሞላ። የኡዲኔዜው በረኛ ኳሷን ከጎል ሊመታ ሲንደረደር ግን ልጆቹ በአንድነት ጸያፍ ስድብ ጮኹበት፤ ትልልቆቹ ሁልጊዜ በዚያች ቅጽበት የሚጮኹትን ያንኑ ስድብ። ክለቡ 5 ሺህ ዩሮ ተቀጣ።

ብዙዎች ሳቁ። እኔ ግን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ የሚመልሰኝ ይህ ታሪክ ነው። እነዚያን ሕፃናት ተስቦ አልያዛቸውም፤ ተምረው ነው። ሲሳደቡ ከሰሟቸው ብቻ አልተማሩም። አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ስድቡን ሰምቶ፣ ፈገግ ብሎ ካለፈ አባትና አጎትም ተምረዋል። ከዝምታው የተረዱት «ይህ ይፈቀዳል» የሚለውን ነው።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፦ ሕዝብ አፍ የለውም፤ አፍ ያለው ሰው ነው። ከብዙዎች አንዱ መሆን ድርሻችንን ያሳንሰው ይሆናል እንጂ አያጠፋውም። መውደድን አቁሙ አልላችሁም፤ ዘምሩ፣ ጩኹ፣ «አሸነፍን» በሉ። ነገር ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታ ለማየት ሰብሰብ ብላችሁ ስክሪን ፊት ስትቀመጡ፣ አንዱ በተጫዋች ቀለም ወይም በሌላው ደጋፊ ዘር ላይ ሲቀልድና ሁሉም ሲስቅ፣ ያቺን አንድ ቅጽበት አስተውሏት። ከኋላችሁ ጨዋታ ለማየት ሾልኮ የገባ አንድ ሕፃን ሊኖር ይችላል። ያ ልጅ የሚያየው ስክሪኑን ብቻ አይደለም። ዘወር ብሎ የእናንተን ፊት ሲያይ ምን ያገኛል?