መርፌ ያልያዘው ባለሙያ

እ.ኤ.አ. በ1953 የደምቢያን ሜዳ የመታው የወባ ወረርሽኝ 7 ሺህ ያህል ሰው እንደፈጀ ይነገራል። በዓመቱ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። አገሪቱ ያን ጊዜ አንድም የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበራትም፤ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር። ኮሌጁም ሐኪም ለማፍራት አልቸኮለም። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አሠልጥኖ፣ በቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ጀመር። አንዱ ጣቢያ 50 ሺህ ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል ነበር የታሰበው።

ከሦስቱ የሚገርመኝ ሳኒታሪያኑ ነው። መርፌ አልያዘ፣ ኪኒን አይሰጥ። ሥራው ምንጭ ማጎልበት፣ ሽንት ቤት ማስቆፈር፣ ሉካንዳውንና ጠላ ቤቱን መጎብኘት ነው። መርፌ ካልተወጋ የታከመ የማይመስለው ገበሬ ይህን ሰው እንዴት እንዳየው መገመት አያዳግትም።

እንግሊዞች ተመሳሳይ ባለሙያ ነበራቸው። ከእ.ኤ.አ. 1872ቱ የሕዝብ ጤና ሕግ ወዲህ እያንዳንዱ የአካባቢ አስተዳደር የጤና ሹም መቅጠር ነበረበት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የሹሙ ተቆጣጣሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ፍሳሹን፣ ወተቱን፣ የተጨናነቀውን የኪራይ ቤት ይመረምሩ ነበር። የጤና ሹምነቱ እስከ እ.ኤ.አ. 1974 ቆየ። ተቆጣጣሪዎቹ ግን ሕግ በእጃቸው ነበር፤ አከራዩ ቤቱን ካላደሰ ፍርድ ቤት ያቆሙታል። የእኛው ሳኒታሪያን በገበሬው ደጅ ከምላሱ ሌላ ብዙም አልነበረውም።

ምላስ ደግሞ በደጋ ላይ ይከብዳል። ደባርቅ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሰው ጋቢውን ቀን ለብሶት ይውላል፣ ሌሊት ተከናንቦት ያድራል። ቅማሉም አብሮ ያድራል፤ ተስቦና ግርሻ የሚተላለፉት በእሱ ነው። መድኃኒቱ ልብስ መቀቀል ነው ይባላል። ለመቀቀል ውኃ ከምንጭ በጀርባ መሸከም፣ እንጨት መግዛት ወይም ከሩቅ መልቀም ያስፈልጋል። አንድ ጋቢ የሚቀቀልበት እንጨት የአንድ ቀን እንጀራ ይጋግራል። እናቲቱ የቱን እንደምታስቀድም ግልጽ ነው፤ ይህን አለማወቅ ነው እንጂ አላዋቂነቱ፣ የእሷስ ሒሳብ ልክ ነው። ምንጩ ለመንደሩ ሳይቀርብ ስለ ቅማል መስበክ ጉንጭ ማልፋት ነው።

የጤና መኮንኖቹ ሥልጠና በደርግ ዘመን ተቋርጦ ከዓመታት በኋላ ቀጠለ። ቤት ለቤት የመዞሩን ሐሳብ ግን በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በሰፊው አነሣው፤ ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ወጣት ሴቶች፣ የአንድ ዓመት ሥልጠና፣ 16 የሥራ ዘርፎች። ከዘርፎቹ ብዙዎቹ የዚያው የሳኒታሪያኑ ሥራ ነበሩ፤ ሰገራ ማስወገድ፣ ውኃ፣ የቤትና የግል ንጽሕና።

በዚያው ሰሞን በዝንብ የሚዛመተውን የዓይን በሽታ፣ ትራኮማን፣ ለመከላከል በአማራ ክልል በተያዘው ዘመቻ 10 ሺህ ሽንት ቤት ይቆፈራል ተብሎ ታቅዶ ከ89 ሺህ በላይ ተቆፈረ። ከጎጃም፣ ከሁለት እጁ እነሴ ወረዳ፣ የወጣው ምክንያት ለባለሙያዎቹ ያልተጠበቀ ነበር። የመንደሩ ሴቶች ግፊት ያደረጉት ዝንብን ፈርተው አይደለም። በቀን ሜዳ መውጣት ነውር ስለሆነ እስኪመሽ ይታገሡ ነበር። ለዓመታት ስለ ጀርም ሲነገራቸው የኖሩ ሰዎች በራሳቸው ምክንያት ዶማ አነሡ። እኔ ሳኒታሪያን ብሆን ከትምህርቱ በፊት ይህን ጥያቄ ይዤ ነበር የምገባው፤ «ሲያስቸግርሽ ወዴት ትሄጃለሽ?»

የቆፈረ ሁሉ ግን አይጠቀምም። በሰሜን ተራራ ግርጌ ገሚሱ ቦታ ድንጋይ ነው፤ ጉድጓዱ ጥልቀት ሳያገኝ ይቀራል። ግድግዳው ባሕር ዛፍና ጭቃ ነውና አንድ ብርቱ ክረምት ይበቃዋል። በሩ ላይ በገመድ የተንጠለጠለችው የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን ጎብኚ ሲመጣ ትሞላለች።

የቆመውን ከፈረሰው ለመለየት መላው ዳባት ወረዳ ውስጥ አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ በወረዳው የምርምር ማዕከል አለው። መዝጋቢዎች በተመረጡ ቀበሌዎች እየተመላለሱ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የገባና የወጣውን ይጽፋሉ፤ ሰው ሲሞት ቤተሰቡን ጠይቀው ምን እንደገደለው ያጣራሉ። ዋናው ነገር መመላለሱ ነው። ሽንት ቤትም ሊቆጠር የሚገባው ጥቅምት ላይ፣ ክረምቱን ካሳለፈ በኋላ ነው። የወረዳው ዓመታዊ ሪፖርት ግን የሚዘጋው ከበጀቱ ጋር ሰኔ 30 ነው፤ ዋናው ዝናብ ገና ሳይወርድ።