ዓርብ የሌላት ሰንበት

ቅዱስ ነገር በአጥር ብቻ ይጠበቃል? በእስራኤል፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ ባለችው ኤላት ከተማ መኖር ከጀመርሁ ወዲህ ይህ ጥያቄ አይለቀኝም።

ከከተማዋ በስተደቡብ የኮራል መጠበቂያ አለ፤ ርዝመቱ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ኮራል መንካት፣ ዓሣ ማጥመድ፣ ዛጎል መልቀም ክልክል ነው። ሰው ከየአገሩ እየመጣ ያየዋል፣ ይደነቅበታል። በሰሜኑ ዳርቻ ደግሞ፣ ከሆቴሎቹ ፊት ለፊት፣ በባሕሩ ወለል አሸዋ ላይ የባሕር ሣር በቅሏል። እሱን ፎቶ ለማንሣት የሚመጣ ሰው አላየሁም።

የዚያ ሣር ሥር አሸዋውን ይዞ ያቆያል፤ ቅጠሉ ውኃውን ስለሚያረጋጋው ደለሉ እዚያው ይዘቅጣል። ኮራል የሚኖረው በአብዛኛው በውስጡ ያሉ ጥቃቅን አልጌዎች በፀሐይ ብርሃን በሚሠሩለት ምግብ ነው፤ ደለል ከለበሰ ይታፈናል። በረሃችን ላይ ድንገት ሲዘንብ ጎርፉ ጭቃውን ይዞ ባሕር ይገባልና ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ የዓሣ ጫጩቶችም ከሣሩ መካከል ተደብቀው ያድጋሉ።

ከሁሉ የገረመኝ በካሪቢያን፣ በሴንት ክሮይ ደሴት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት ነው። ቀን ኮራሉን ተጠልለው የሚውሉ ዓሦች ሲመሽ ወጥተው በባሕር ሣሩ መካከል ይመገባሉ። ሲነጋ ወደ ኮራሉ ይመለሱና ኩሳቸውን እዚያው ይጥላሉ፤ በውስጡ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለኮራሉ ይተርፋል። ዓሦች የሚውሉበት ኮራል ከማይውሉበት ይልቅ ፈጥኖ ሲያድግ ተገኝቷል። የተከበረው ቦታ ቀለቡን የሚያገኘው ማንም ካላከበረው ጎረቤቱ ነው ማለት ነው።

እኔ የቤተ እስራኤል ልጅ ነኝ። ጎንደር ሳለን በሰንበት እሳት አይነድም፣ ውኃም አይቀዳም ነበር። የሚበላው ዳቦ የተጋገረው ግን ዓርብ ነው፤ ውኃውም የተቀዳው ዓርብ ነው። እናቴ ዓርብን ካጣች ሰንበትን በምን ታከብራት ነበር? ዓርብን የሰረቀ ሰው ሰንበትን በእጁ ባይነካትም ሽሯታል።

ሁሉ ቅዱስ ከሆነ ምን ሊለይ ነው የሚለኝ ይኖራል። ክርክሩን አልንቀውም፤ ኦሪትም ቅዱሱን ከተራው መለየትን ታዛለች። ዓርብ ግን ሰንበት አልሆነችም። ዓርብ ይታረሳል፣ ይፈጫል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን እጅ ይሰበሰባል። የሥራ ቀን ናት፣ አደራም አለባት። ለባሕር ሣሩም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ጀልባው ይለፍ፣ ዋናተኛው ይዋኝ፤ የሚያጠፋው ነገር ይከልከል። ይህ የማይቻል አይደለም፦ በኤላት ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ጫፍ የነበሩት የዓሣ ማርቢያ መረቦች ከመጠበቂያው ክልል ውጪ ነበሩ፤ ፍሳሻቸው ኮራሉን ይጎዳል ተብሎ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ተነሥተዋል። ያን ጊዜ ውሳኔው ከአጥሩ ማዶ ያለውንም አይቷል፤ ትክክልም ነበር።

ጀልባ ያላችሁ ወገኖቼ፣ መልሕቃችሁን ሣሩ ላይ አትጣሉ። የመጠበቂያውን ካርታ የምትሥሉ ደግሞ ሣሩን ጨምሩበት።