የከፈለ እንግዳ እንግዳ አይደለምን?

ለጥቂት ቀናት ትልቅ ከተማ ሊጎበኝ የተነሳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበው የሚያድርበት ቦታ ነው። ከመርካቶ ወደ ኢስታንቡል የሚመላለሱ ነጋዴዎቻችን ለዚህ ብዙም አይቸገሩም፤ ላሌሊ በሚባለው የልብስ ገበያ አካባቢ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አልጋ ይይዛሉ፣ ዕቃቸውን ያሳስራሉ፣ ይመለሳሉ። ቤተሰቡን ይዞ የሱልጣን አሕመድን መስጊድና ሱለይማኒያን ልይ ብሎ የሚሄደው ግን ይመርጣል፣ ያወዳድራል፣ ወዳጅ ይጠይቃል። ዋጋው ስንት ነው? ለመስጊዱ ይቀርባል? ቁርስ አለው? መጠጥ ይሸጥበታል? ስጋው ሐላል ነው?

እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁንና ሁሉም ሆቴሉ ለእኔ ምን ይሰጠኛል፣ እኔንስ ከምን ይጠብቀኛል የሚሉ ናቸው። በሆቴሎች በር ላይ የሚለጠፈው ኮከብም የሚቆጥረው ይህንኑ ነው። እኔ እዚያ በማደሬ ሌላው ሰው ምን ያጣል የሚለውን የሚቆጥር ኮከብ የለም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ያልተቆጠረው ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። እንግዳ ማን ነው? በገጠራችን የመሸበት መንገደኛ ከሰው ደጃፍ ቆሞ «የአላህ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ሲል የባለቤቱን ስም እንኳ ላያውቅ ይችላል። ባለቤቱም መደብ ያነጥፍለታል፣ እግሩን ያሳጥበዋል፣ ካለው ያቀርብለታል። ሆቴል የሚባለው ነገር ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነው፤ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ብዙው ሰው «ሆቴል» ሲል መብል ቤት ማለቱ ነበር። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ግዴታ ያለበት ባለቤቱ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስተንግዶ ሦስት ቀን መሆኑን፣ ከዚያ የሚያልፈውም ሰደቃ መሆኑን ባስተማሩበት በዚያው ታዋቂ ሐዲስ፣ እንግዳው አስተናጋጁን እስኪያጨናንቀው ድረስ መቆየት እንደማይፈቀድለትም አስተምረዋል። የመጀመሪያው ክፍል በየመድረኩ ይጠቀሳል፤ ሁለተኛው ግን እምብዛም አይነሳም። ለባለቤቱ ለጋስነትን ያዘዘው ትምህርት ለእንግዳውም ወሰን አበጅቶለታል ማለት ነው።

ዛሬ ቱርክ የምንለው አገር በዚህ ረገድ የቆየ ታሪክ አለው። ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1330ዎቹ መጀመሪያ አናቶሊያን ሲያቋርጥ፣ ላዚቅ ከተባለችው ከተማ (የዛሬዋ ዴኒዝሊ ናት) ገበያ እንደደረሰ ሰዎች ከየሱቃቸው ወርደው የፈረሶቹን ልጓም ያዙ። ሌሎች ደግሞ መጥተው ከነዚያ ጋር ተጣሉ፤ ጩቤ የመዘዘም ነበር። ቋንቋውን የማያውቁት መንገደኞች ወንበዴ እጅ የወደቁ መስሏቸው ደነገጡ። ኋላ ዐረብኛ የሚያውቅ አንድ ሐጂ ተገኝቶ ሲያስረዳቸው፣ ጠቡ «እንግዶቹን የምናስተናግድ እኛ ነን፣ እኛ ነን» የሚል ሆኖ ተገኘ። ዕጣ ተጣጣሉና ተስማሙ። እነዚህ ሰዎች «አኺ» በሚባሉ መሪዎች ሥር በማኅበር የታቀፉ የእጅ ሙያተኞች ሲሆኑ፣ ቀን ሠርተው ያገኙትን ከአስር ሶላት በኋላ አምጥተው እነርሱ ዘንድ ለሚያርፈው መንገደኛ ምግብ ይገዙበት ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ ኢስታንቡልን የያዘው ሱልጣን መሐመድ ፋቲሕም እ.ኤ.አ. ከ1463 እስከ 1470 ባሠራው መስጊድ ዙሪያ መድረሳ፣ ሆስፒታል፣ ምግብ የሚታደልበት ቤትና «ታብሃኔ» የተባለ የእንግዳ ማረፊያ አቁሟል። መንገደኛው ሦስት ቀን ያለ ክፍያ ያርፍና ይመገብ ነበር፤ ወጪውን የሚሸፍነው ወቅፍ ነው። ሚማር ሲናን በ1550ዎቹ የሠራው ሱለይማኒያም የራሱ ታብሃኔ ነበረው። ጉልላቱን ፎቶ ሲያነሱ የሚውሉት ጎብኚዎቻችን ከጎኑ ያለውን ይህን ቤት ፈልገው ቢያዩት መልካም ነው።

ያ ዘመን አልፏል። ዛሬ ለሚጎርፈው መንገደኛ ሁሉ ወቅፍ አይበቃም፤ የሆቴል ባለቤትም ሠርቶ አዳሪ ነውና ዋጋ መጠየቁ ሐላል ንግድ ነው። ጥያቄው መክፈላችን ምን ይለውጣል የሚለው ነው። የሚከፍል ሰው «እኔ እንግዳ ሳልሆን ገዢ ነኝ» ወደሚል ሐሳብ በቀላሉ ይሻገራል። ገዢ ደግሞ የገዛውን እንዳሻው የማድረግ መብት ያለው ይመስለዋል። ነገር ግን ምን ገዛን? የአንድ ክፍል የጥቂት ሌሊት አገልግሎት ብቻ። መንገዱን አልገዛነውም፤ የአልጋ አንጣፊዋን ክብር አልገዛነውም፤ የጎረቤቱን እንቅልፍ አልገዛነውም። የሆቴሉ ባለቤት ድርሻውን ተቀብሏል፤ ከተማው ግን ዛሬም የሚያስተናግደን በነጻ ነው። ስለዚህ በሆቴሉ ፊት ደንበኞች ብንሆን በከተማው ፊት እንግዶች ነን።

የቁርስ ቡፌውን እንመልከት። የኢስታንቡል ሆቴሎች ቁርስ ስመ ጥር ነው፤ ወይራው በየዓይነቱ፣ አይቡ፣ ማሩ፣ እንቁላሉ፣ «ሲሚት» የሚባለው ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ። በቤቱ የወደቀች ቁራሽ እንጀራ አንስቶ የሚስም ሰው እዚያ ሲደርስ ሳህኑን ቆልሎ ግማሹን ትቶ ይነሳል። ለምን ቢባል መልሱ «ከፍዬበታለሁ» ነው። መክፈል ኢስራፍን የሚፈቅድ ቢሆን ኖሮ ኢስራፍ የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር፤ ሰው በአብዛኛው የሚያባክነው የገዛ ራሱን ነውና! ውኃም እንዲሁ ነው። በሚፈስ ወንዝ ዳር እንኳ የውዱእ ውኃ እንዳይባክን የተማረ ሰው አንድ ጊዜ የነካውን ፎጣ በየቀኑ መሬት ጥሎ «ይለወጥልኝ» ይላል።

ያንን ፎጣ የምታነሳ ሴት አለች። በባሕረ ሰላጤው ከተሞች ሆቴል ያረፈ ወገናችን አልጋውን የምታነጥፈው የአገሩ ልጅ ሆና ሊያገኛት ይችላል። ያኔ አንደበቱ ይፈታል፣ ስሟን ይጠይቃል፣ ከየት አገር ነሽ ይላል፣ ጉርሻ ይተውላታል። ኢስታንቡል ላይ ስሟን ያልጠየቃት ሴትዮ የምትሠራው ግን ያንኑ ሥራ ነው።

መጠጥን በተመለከተ ብዙ መናገር አያሻም። ከመጠጥ ነጻ የሆነ ማረፊያ እያለ ሌላውን የሚመርጥ ሙስሊም ምክንያቱን ራሱ ያውቃል፤ በኢስታንቡልም በፋቲሕና በኤዩፕ አካባቢ አልኮል የማይሸጡ ሆቴሎች አሉ። የሚያሳስበው «ሐላል ሆቴል» የሚለው ስያሜ ሌላውን ጥያቄ ሁሉ መዝጋቱ ነው። ባር የሌለው ሆቴል የሠራተኛውን ደሞዝ ሊያዘገይ ይችላል። ላቡ ሳይደርቅ ዋጋውን ስጡት የተባለለት ሠራተኛ እዚያም አለ። ይህን ከሩቅ ሆኖ ማወቅ በእርግጥ ያስቸግራል፤ ደርሶ ሠራተኞቹን ማነጋገር ግን አያስቸግርም።

ከሁሉ የከበደው የአፓርታማው ጉዳይ ነው። አምስት ልጆች ያሉት አባወራ ሁለት የሆቴል ክፍል ከሚይዝ ወጥ ቤት ያለው አፓርታማ ለአራት ሌሊት ቢከራይ ሊረክስለት ይችላል። ምግቡ በቤት ይበስላል፣ ባር የለ፣ እናቲቱም እንደ ቤቷ በነጻነት ትቀመጣለች። ሃይማኖቱን የሚጠብቅ ቤተሰብ ይህን ቢመርጥ የሚያስወቅሰው አይደለም። ግን ያ አፓርታማ ትናንት የአንድ የከተማው ነዋሪ መኖሪያ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ በዓመት ከማከራየት ይልቅ በሌሊት ማከራየቱ አትራፊ ሆኖ ሲያገኘው ተከራዩ እንዲለቅ ይደረጋል። ለቀሩት ጎረቤቶች ደግሞ በየሦስት ቀኑ ፊቱ የሚለወጥ፣ በእኩለ ሌሊት ሻንጣ በደረጃ የሚጎትት ሰው ይመጣባቸዋል። የጎረቤት ሐቅ በእስልምና ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ታዲያ ሐቁ የሚቆጠረው በሰፈራችን ስንሆን ብቻ ነውን?

የቱርክ መንግሥት በዚህ ላይ ያወጣው ቁጥር 7464 ሕግ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በሕጉ መሠረት ቤቱን ከመቶ ቀን ላልበለጠ ጊዜ ለጎብኚ የሚያከራይ ሰው ፈቃድ ማውጣት አለበት። አፓርታማ ከሆነም በሕንጻው ውስጥ ያሉት የቤት ባለቤቶች በሙሉ መስማማት አለባቸው፤ አንዱ እንኳ እምቢ ካለ አይሆንም። የተፈቀደለት ቤት በመግቢያው ላይ ይህንኑ የሚገልጽ ምልክት ይለጥፋል። ጭንቀቱ የኢስታንቡል ብቻም አይደለም፤ ባርሴሎና እስከ 2028 መጨረሻ አሥር ሺህ ያህል የጎብኚ አፓርታማዎችን ፈቃድ ለማስቀረት ማቀዷን በ2024 አስታውቃለች።

«የእኔ አራት ሌሊት ከተማ አያፈርስም» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፣ አያፈርስም። ነገር ግን የአሮጊቷን በር በሌሊት የሚያንኳኳው በስህተት የመጣው የእርሱ ልጅ እንጂ «ጎብኚዎች» የሚባል ሕዝብ አይደለም። «ሆቴልም እኮ ቦታ ይሻማል» የሚልም አለ። ይህም እውነት ነው፤ ሆኖም ሆቴል ሆቴል መሆኑ በበሩ ላይ ተጽፏል፣ በአጠገቡ የሚኖረውም ሰው ምን እንዳለ ያውቃል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ አንዱ ጎረቤቱ እያወቀው የሚገባ እንግዳ ነው፣ ሌላው ሳይታወቅ የሚገባ።

ስለዚህ አፓርታማ ለሚሻው ቤተሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት ስለ ወጥ ቤቱ አይደለም። ፈቃዱ አለ ወይ? ምልክቱ በበሩ ላይ ተለጥፏል ወይ? ያለፈቃድ የሚያከራዩ አንዳንዶች ቁልፉን ሲያስረክቡ «ማንም ቢጠይቃችሁ የባለቤቱ ዘመዶች ነን በሉ» ብለው ይመክራሉ። ይህ ሲነገረው አባትየው ከነልጆቹ ነው የቆመው፤ ልጆቹም ይሰማሉ። ከሁለት የሆቴል ክፍል ዋጋ የሚተርፈው ገንዘብ፣ ነገ ጠዋት ልጆቹ ደረጃው ላይ ለሚያገኟት ጎረቤት ከሚነግሯት ውሸት ጋር ነው የሚመዘነው።