ለማን ይጻፍ?

አንድ የሕክምና ተመራማሪ ዓመታት የለፋበትን ጥናት ጨርሶ «ለየትኛው መጽሔት ልላከው?» ብሎ ሲያስብ፣ ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ አድራሻ የመምረጥ ያህል ቀላል ይመስላል። ለእኔ ግን የኅሊና ጥያቄ ነው። ለመሆኑ ዕውቀት ባለዕዳነቱ ለማን ነው? ለሚያደንቀው ወይስ ለሚያስፈልገው?

ከራሳችን ታሪክ እንነሣ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ነውና ትዕይንቱን እንደ ዋዛ አላለፉትም። የመጀመሪያ ዘገባቸውን በ1965 ያወጡት ገና ሦስተኛ ዓመቱን በያዘው የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ነበር። በ1970 ደግሞ በዓለም የጤና ድርጅት ቡለቲን ላይ ጻፉ። ይሁንና በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘውን ውጤት ለመቀበል የውጭ ተቋማት ለዓመታት አንገራገሩ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተሰኘውን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። እንዶድ ግን በ1965ም ቀንድ አውጣ ይገድል ነበር፤ የዘገየው የሰሚው ጆሮ ነው።

ስለዚህ በ1823 ለንደን ላይ የተመሠረተውን «ላንሴት»ን የሚመኝ ተመራማሪ አይወቀስም። መደመጥ ይፈልጋል። ችግሩ የሚመጣው መለኪያው ዓላማውን ሲውጠው ነው። «ኢምፓክት ፋክተር» የሚባለው ቁጥር፣ አንድ መጽሔት ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ይናገራል። ስንት በሽተኛ እንደዳነ አይናገርም። በሁመራና በመተማ ስላለው የካላዛር በሽታ የተጻፈ ጥናት ጠቃሹ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ እዚያው ጤና ጣቢያ ላለች ነርስ ግን ከማንኛውም ገናና መጽሔት ይበልጥባታል።

ገንዘብም አለ። ገሚሱ መጽሔት አንባቢውን ያስከፍላል፤ ገሚሱ ለአንባቢ በነፃ ተከፍቶ ጸሐፊውን ብዙ ጊዜ ከ1,000 ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ ለድኃ አገር ጸሐፊዎች ክፍያውን የሚተውም አለ። ከሁሉ የከፉት ገንዘቡን ተቀብለው ጽሑፉን ሳይመረምሩ የሚያትሙት ናቸው። ዕድገት ቸኩሎ ወደ እነዚህ የሚሄድ ሰው የሚያታልለው ቀጣሪውን ብቻ መስሎት ከሆነ ተሳስቷል፤ ያንን አምኖ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ነገ ይኖራል። በአንጻሩ ጽሑፍ በቁጥር እየሰፈረ ማዕረግ የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲም ከጥፋቱ ድርሻ አለው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ይስተካከል እላለሁ። በቅድሚያ፣ ይህን ማወቅ የሚያስፈልገው ማን ነው? ቀጥሎ፣ ሳይከፍል ሊያነበው ይችላል? ከዚያም፣ በሐቀኛ ባለሙያ ተመርምሯል? የመጽሔቱ ዝና ከእነዚህ በኋላ ይምጣ። ጽሑፉ ባሕር ማዶ ከታተመም ፍሬ ነገሩ በሚገባ ቋንቋ ወደ ጤና ጣቢያው ይመለስ።

ለጥናቱ ደሟን የሰጠች እናት የመጽሔቱን ስም አትጠይቅም። «ደሜን ወስዳችሁ ምን አገኛችሁ?» ብትል ግን መልስ ይገባታል። የአድዋ ሴቶችም እንዶዱን ያወቁት ከሁላችን ቀድመው ነበር።